ጣሪያችን ላይ የቀሩት ጥርሶች

ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዘኝ አመል ነው። ያደግሁት ከሆሳዕና ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ሲሆን፣ እዚያ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣን ያደግን ልጆች አብዛኞቻችን ጥርሳችን ቡናማ ነው። ከተማ ትምህርት ቤት ስንገባ የደጋ ልጆች "እናንተ ጥርሳችሁን በሻይ ነው የምትታጠቡት?" ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ወዳድ ነኝ፤ ያለ ሳቅ ማውራት አይሆንልኝም። እናም አንድ እጄ ሁልጊዜ አፌ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያንን የጥርስ ሥራ ለምን እንደ ዓይኔ ብሌን እንደያዝኩት እንዲገባችሁ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን የባለቤቴን የኤርሚያስን መጻሕፍት (መምህር ነው) እና ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ሆሳዕና ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠርኩ፤ ቀጥሎ ካርድ ማውጣት ጀመርኩ። በኋላ የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ታምራት፣ "ምሕረት፣ አንቺ ካወራሻቸው እናቶች እምቢ አይሉም" ብሎ ለጥናቱ መረጃ ሰብሳቢ አደረገኝ። ዶክተር ታምራት የዱራሜ ልጅ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው እዚህ ላይ "አለ" እያልኩ ብጽፍ አይቀየመኝም፤ ፊት ለፊት ግን "እርስዎ" ነው የምለው።

ጥናቱ ምን መሰላችሁ? የልጅ የወተት ጥርስ ሲሠራ ሰውነት ውስጥ ከገባው ነገር ጥቂቱን ይዞ ይቀራል። ጥርሱ ሲወልቅ ላብራቶሪ ውስጥ ቢመረመር ልጁ ሲጠጣ ያደገው ውሃ ምን እንደነበረበት ይናገራል። ስለዚህ የምንጭ ውሃ ከሚጠጡ ልጆችና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ከሚጠጡ ልጆች የወለቀ ጥርስ እንሰበስባለን። እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ላይ የልጁ ስም አይጻፍም፤ የምንጭ ከሆነ "ም"፣ የጉድጓድ ከሆነ "ጉ" እና ቁጥር ብቻ። ስሙ ዶክተሩ ጋ በተቆለፈ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ከፖስታው የወጣ ጥርስ እንግዲህ ምስክርነቱ አለቀ፤ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ውሃ እንደመጣ ማንም አያውቅም።

ለጥናቱ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ዶክተሩ ስለዚህ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "ወባ ስትያቸው ይሰጣሉ፣ ቲቢ ስትያቸው ይሰጣሉ። ጥርስ ስትያቸው 'በጥርስ የሞተ ሰው አለ ወይ?' ይሉሻል።" ሦስት ጊዜ ጽፎ መልሰውበት በአራተኛው ነው የሆነለት። የመጀመሪያው ዙር መሰብሰብ፣ ሁለተኛው ዙር ላብራቶሪ መላክ ነበር። ሁለተኛው እንዲፈቀድ ሁለት ሰዎች መጥተው ሥራችንን በዓይናቸው ማየት አለባቸው። የሚመጡት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ዓርብ ከሰዓት ክሊኒኩ ለእንግዶቹ ሲባል ቀለም ይቀባ ነበር። የዕቃ ክፍሉ ተገለባብጧል፣ ሠራተኛው ይገባል ይወጣል። ዶክተሩ ፖስታዎቹ ያሉበትን የብስኩት ጣሳ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"እስከ ሰኞ ቤትሽ ይደር። መቶ አርባ ሦስት ናቸው። ከዓይንሽ እንዳይርቅ።"

"ከነፍሴ ጋር ነው የማስቀምጠው ዶክተር" አልኩት።

ከነፍሴ ጋር አላስቀመጥኩትም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ነበር ያደረግሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የሦስት እናቶች ፊርማ ስለጎደለ ወደ ቆላው ቀበሌ ወረድኩ። ያን ቀን ማለዳ አማቴ ከሌሞ ገጠር በጋሪ መጡ፤ በሰፌድ ቆጮ፣ በቅል ቅቤ ይዘው። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር የእሳቸው ስም አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። "አማ" ነው የምላቸው፤ በቋንቋችን በሀዲይሳ እናት ማለት ነው። ጸሎተኛ፣ ሥራ የማይፈቱ፣ ቤት ውስጥ የተጣመመ ነገር ካዩ ሳያቃኑ የማይቀመጡ ሴት ናቸው። ልጄን ፌበንን እሳቸው ጋ ትቻት ነው የሄድኩት። ፌበን ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሷ ከወለቀ አራት ወር አልፎት አዲሱ እምቢ ብሎ ድዷ ባዶውን ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ተመለስኩ። አማ በረንዳው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ ፌበን እግራቸው ሥር ተቀምጣለች። ተሳስመን ገባሁ። ፊርማዎቹን ከጣሳው ጋር ላስቀምጥ ብዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ጣሳው ቦታው አለ። ሳነሳው ግን ቀለለኝ።

ከፈትኩት። ፖስታዎቹ በሥርዓት ተደርድረው አሉ። አንዱን ዳሰስኩ፤ ባዶ። ሌላውን፤ ባዶ። አሥሩን፣ ሃያውን። እንዲህ እያልኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ልክ አንዱ ባይሆን ሌላው ውስጥ ሁሉም ተሰብስበው እንደሚጠብቁኝ ሁሉ።

"አማ!" ድምፄ ተቀየረብኝ። "እዚህ ውስጥ የነበረውን..."

"ለጣሪያው ሰጠሁት" አሉ፣ ባቄላቸውን ሳያቆሙ።

ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውሮ አዲስ ይለምናል። እኔም ወርውሬያለሁ፣ እናንተም ወርውራችኋል።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። አንድ በአንድ። ፌበን ከፖስታው ታወጣልኛለች፣ እኔ እወረውራለሁ። ስም ቢኖራቸው በስማቸው እጸልይ ነበር፤ ስም የላቸውም። የሰው ልጅ ላይ ቁጥር ጻፋችሁ? ቁጥር ለከብት ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይቺ ልጅ አራት ወር ሙሉ ድዷን ታያለሽ፣ ጥርሷን ጣሳ ውስጥ ትቆልፊያለሽ። የሰው ልጆችንም እንዲሁ። እነሱስ እናት የላቸውም?"

"እኔም ወረወርኩ እማ!" አለች ፌበን በኩራት። "የእኔን ሩቅ ነው የወረወርኩት!"

ወጥቼ ወደ ሰማይ ሳይ ከምዕራብ በኩል ጠቁሯል።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ባለሱቁ ከድር ሮጥኩ። ጉራጌ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል።

"ከድር፣ መሰላል!"

"ምነው፣ ሌባ ነው?"

"ጥርስ ነው።"

"የማን ጥርስ?"

"የመቶ አርባ ሦስት ልጅ!"

ለአፍታ አየኝ። "እህቴ፣ ውሃ ልስጥሽ?" አለ። ፊቴን ሲያይ ግን ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ መሰላሉን ተሸከመ። ኤርሚያስም ከስብሰባ ተመልሶ ደረሰ። እኔ ወጣሁ፤ ከባድ ሰው ቆርቆሮውን ይቀድደዋል ተብሎ። በአራት እግሬ እየዳህኩ ከምስማሩ ሥር፣ ከቆርቆሮው ሸንተረር ውስጥ እየለቀምኩ ወደ ጣሳው። ከታች ኤርሚያስና ከድር አሸንዳው ሥር ሸራ ዘረጉ።

"ስንት ሆነ?" ይላል ኤርሚያስ።

"ሠላሳ ሁለት!"

"የአንድ ሰው ሙሉ ጥርስ ሞላ" አለ ከድር። "አብሽሪ!"

ሰባኛው ላይ ስደርስ ዝናቡ ጀመረ። ውረጂ ብለው ጮኹብኝ። ስወርድ ደግሞ በረዶ ጣለ። ግቢው በአንዴ ነጭ ሆነ። ሸራው ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ አሸንዳው ሥር፣ ያየሁት ሁሉ ጥርስ መሰለኝ። አነሳለሁ፤ መዳፌ ላይ ይቀልጣል። ሌላ አነሳለሁ፤ ይቀልጣል። ሳይቀልጥ የቀረውን ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። አማ በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወንፊት ይዘው ወደ ዝናቡ ገቡ። ጭቃውን እየነፉ አብረውኝ ለቀሙ። ለምን እንደምንለቅም ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

አንድ መቶ አሥራ ስምንት አገኘን። ሃያ አምስቱ የሉም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን "ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት" የሚል ሌላ መዝሙር አለ። ከአገልግሎት ስንመለስ ኤርሚያስ ወደ ጓዳ ጠራኝ።

"ስሚኝ። ፖስታው አለ። ጥርሱ አለ። የጎደለውን ጎደለ በያቸው። ሌላውን ክተቺና ዝም። ማን ያውቃል?"

"ልክ አይሆንማ።"

"ሰውዬው ሦስት ጊዜ ተመልሶበት ያገኘው ዕድል ነው። በአንቺ እጅ ይጥፋ? ደግሞስ ለክፉ ነው? ውሃው መጥፎ እንደሆነ አንቺ በአፍሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ጎተተችኝ። እውነት ነው፣ በአፌ ይዤው እዞራለሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ጥርሶቹን ዘረጋሁ፤ በግራ "ም"፣ በቀኝ "ጉ" አድርጌ ፖስታዎቹን ደረደርኩ። ቡናማ ወይም ነጥብ ያለበትን ሳገኝ ወደ "ጉ"፣ ንጹሑን ወደ "ም"። ብዙም አልከበደኝም፤ ያ ነው አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ። ወደ ሠላሳ ያህል ከከተትኩ በኋላማ ፍጥነት ሁሉ መጣልኝ።

ከዚያ ፌበን መጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አገጯን አሳረፈች።

"እማ፣ የእኔን ለምን እዚያ ከተትሽው?"

"የትኛውን?"

ጣቷን ቀሰረች። አሁን የከተትኩት ነበር። አወጣሁት። ጫፉ ሸርፏል፤ ገብስ ቆሎ ስትቆረጥም የሸረፈችው፣ እኔው ራሴ ከአፏ ተቀብዬ ፖስታ ውስጥ ያደረግሁት ጥርስ። ሥሩ ላይ ቡናማ ነጥብ አለው። ነጥቡን ብቻ አይቼ "ጉ" ውስጥ ከትቼዋለሁ። ፌበን ተወልዳ ያደገችው ሆሳዕና፣ የጠጣችው የምንጭ ውሃ ነው። የራሴን ልጅ ጥርስ!

ተቀመጥኩ። ጥናት እያደረግሁ መስሎኝ፣ ለካ መልሱን እኔ እየጻፍኩት ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ቂም በፖስታ አሽጌ ላብራቶሪ ልልክ ነበር። ውሃው በእርግጥ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አላውቅም። እንደማላውቅ ደግሞ ያን ቀን ገና ማወቄ ነው።

ስልኩን አነሳሁ።

"ዶክተር፣ ቤት ይምጡ።"

"ጣሳው ደህና ነው?"

"ጣሳው ደህና ነው" አልኩ፤ ማልቀስ ጀመርኩ።

በባጃጅ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሪያውን፣ በረዶውን፣ የሞላኋቸውን ፖስታዎች። አማ በሩ ላይ ቆመዋል። ከዚያ ዶክተሩ የሞላኋቸውን ፖስታዎች አንድ በአንድ እየገለበጠ ጥርሶቹን ወደ ጨርቁ መለሳቸው።

"ትናንት ነግረሽኝ ቢሆን" አለ፣ ሳያየኝ፣ "እኔም ክተቺ እልሽ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን ስላዘገየሽ አመሰግናለሁ።" ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "በቃ፣ ነገ እንዳለ እንነግራቸዋለን። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ይበሉ።"

ከሄደ በኋላ አማን ቁጭ አድርጌ፣ ከሳምንታት በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ጥርሱ ለምን እንደሚሰበሰብ፣ ምን እንደሚመረመርበት፣ ለማን እንደሚጠቅም በሀዲይሳ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በየቀበሌው ለስንቷ እናት "ለጥናት ነው፣ ፈርሚ" ብያለሁ፤ ቤቴ ላሉት እናት ግን ያንን እንኳ አላልኩም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ነገ እኔም እመጣለሁ" አሉ።

"አይሆንም አማ።"

"ያጠፋሁት እኔ፣ የምትናገሪው አንቺ?"

ሰኞ ሦስት ሰዓት። አዲስ የተቀባው ክፍል የቀለም ሽታው ያፍናል። እንግዶቹ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ፕሮፌሰርና ላፕቶፕ የያዘ ጎልማሳ ናቸው። ዶክተሩ ጣሳውን ከፍቶ አሳያቸው፤ ተራ በተራ ነገራቸው። ጎልማሳው መጻፍ አቆመ። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስለዚህ አንድም ማስረጃ የለም።"

"አንድ አለ" አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። "የልጄን አውቀዋለሁ።"

"በአንድ ጥርስ ጥናት አይሠራም።"

"አይሠራም" አልኩ።

ጎልማሳው ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። "የጉዳት ሪፖርት መሙላት አለብን። ከፖስታው ያወጣው ሰው ስም?"

አማን አየኋቸው።

"ስማቸው ማን ይባላል?"

አማ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ያየኛል። በሕግ እንደመደበቅ እየተቆጠረብኝ እንደሆነ ይገባኛል፤ አፌ ግን አይከፈትም። አሥራ አንድ ዓመት ያልጠራሁትን ስም በክስ ወረቀት ላይ ልጀምረው?

"አየለች" አሉ አማ፤ ቀጥ ብለው። "አየለች እባላለሁ። ይቺ ልጅ ስሜን አትጠራም፤ ለክብሬ ነው። ደብቃኝ አይደለም። ጻፍ።"

ስማቸውን እዚህ የጻፍኩት ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው፤ በአፌ እስካሁን አልጠራሁትም።

ከዚያ አማ ወደ ፕሮፌሰሯ ዞሩ። አማርኛቸው ሲያልቅ በሀዲይሳ ይቀጥላሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።

"ትናንት ምሕረት ነገረችኝ፤ ገባኝ። ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ። አሁን እኔ ልጠይቅ። ጥርሱን ሙሉውን ነው የምትፈጩት?"

ፕሮፌሰሯ ዶክተሩን አዩት። "አይ እናቴ" አለ ዶክተሩ። "ቢበዛ ግማሹ ይበቃል።"

"ሌላው ግማሽ?"

"ይቀመጣል። ሣጥን ውስጥ።"

"ሣጥን ጥርስ ያበቅላል?"

ጎልማሳው ሳቁን ዋጠ። አማ አልሳቁም። "ግማሹን ለልጁ መልሱለት፤ ጣሪያው ላይ ይወርውረው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች ምን እንደሚሉ አትሰሙም እናንተ። 'ጥርሱን ወሰዱት፣ አዲሱ ቀረ' ይላሉ። ምሕረት ፈገግ ስትልላቸው አፍረው ይፈርማሉ እንጂ ሁሉም ወዶ የሰጠ አይምሰላችሁ።"

ይህን የመጨረሻውን መተርጎም ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። ተረጎምኩት።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ረጅም ነገር ጻፉ። ሲሄዱ ሁላችንንም ጨበጡን፤ ምንም ተስፋ አልሰጡንም።

ሰባት ሳምንት ጠበቅን። ደብዳቤው ሲመጣ ዶክተሩ ቆሞ አነበበልን። ሁለተኛው ዙር ተሰርዟል። የሰበሰብነው ሁሉ አይቆጠርም። ነገር ግን ከፈለግን የመጀመሪያውን ዙር ከሥሩ እንድንጀምር ያነሰ ድጋፍ ተፈቅዷል፤ ሁለት ግዴታ አለው። ጥርስ የሚቀመጠው በተቆለፈ ሣጥን ክሊኒክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከምርመራ የተረፈውን ጥርስ ደግሞ ለልጁ መመለስ አለብን፤ ይህም ለእናቲቱ ከመፈረሟ በፊት በቋንቋዋ ይነገራታል።

እንደገና ጀመርን። ጃጁራ ገበያ፣ ሆመቾ ትምህርት ቤት፣ ያደግሁበት ቆላ። አሁን ሳወራ እንደ ድሮው ለማሳመን አይደለም የማወራው፤ ጥያቄ እስኪያልቅባቸው እቀመጣለሁ። እምቢ ያለችኝን እናት አመስግኜ እሄዳለሁ። "የአንቺ ጥርስ በውሃው ነው አይደል?" ሲሉኝ እጄን ከአፌ አንስቼ አሳያቸዋለሁና፣ "አላውቅም፤ እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት" እላቸዋለሁ። ውጤቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ እኔ የምጠብቀው ላይሆን እንደሚችል ራሴን እያለማመድኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን ሰው በራችሁን አንኳኩቶ "ለጥናት ነው" ቢላችሁ ጠይቁት፤ ለምን፣ ወዴት፣ ምን ይቀራል በሉት። የምታንኳኩት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ የገዛ ቤታችሁ ላሉት ንገሩ።

የፌበን ጥርስ? በረዶው በጣለ በሁለት ሳምንቱ ብቅ አለ። ዶክተሩ "ጊዜው ደርሶ ነው፣ ይወጣ ነበር" ይላል። አማ ይሰሙትና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ያያሉ፤ አይከራከሩትም። ሃያ አምስቱ እስካሁን አልተገኙም። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ወጥቼ አሸንዳው ሥር ወንፊት አስቀምጣለሁ፤ ለጥናት እንደማይሆኑ እያወቅሁ። በረዶ የጣለ ቀንማ ግቢው ሲነጣ አጎነብሳለሁ፣ አንዷን አነሳለሁ፣ መዳፌ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ትቀልጥ እንደሁ።